ጸበልና ኪኒን በአንድ ኮመዲኖ ላይ፦ ስለ አንድ የጎንደር ሆስፒታል የነርሶች አገልግሎት

አክስቴ በልብ ድካም ታማ በዓቢይ ጾም ወቅት ጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ተኝታ ስትታከም አስታማሚዋ ነበርኩ። ስለ ሐኪሞቹ ሌላ ሰው ይጻፍ፤ እኔ የምመዝነው ነርሶቹ የታማሚውን እምነት እንዴት እንደያዙት ነው። አርባ አራቱ ታቦት ባለበት ከተማ ብዙው ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ጸበል ቀምሶ፣ አለዚያም ጸበሉን በጠርሙስ ይዞ በመሆኑ ጉዳዩ በዋዛ የሚታይ አይደለም።

የቀን ተረኛዋ ሲስተር ገና አልጋ እንደያዝን «እማማ፣ ይጾማሉ? እስከ ስንት ሰዓት? ጸበልስ ይጠጣሉ?» ብላ ጠየቀች። ልብ የደከመበት ሰው በቀን የሚወስደው ፈሳሽ ስለሚለካ፣ ጠዋትና ማታ የሚጠጣው ጸበል ሳይቆጠር ከቀረ የእግሩ እብጠት ለምን እንዳልጎደለ ሐኪሙም ግራ ይገባዋል። ሲስተር ጠርሙሱን ከኮመዲኖው ላይ አላነሳችም፤ በመድኃኒት መለኪያዋ 30 ሚሊ ሊትር ቀድታ ሰጠቻትና በፈሳሽ መመዝገቢያው ላይ ከሻይና ከሾርባው ጋር ጻፈችው። አክስቴም «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» ብላ መረቀቻት፤ ኪኒኗንም ያለ ጭቅጭቅ ዋጠች። ለልብ ምርመራ ደረቷ ላይ ሽቦ ሲለጠፍ እንኳ ማተቧን ወደ ትከሻዋ ገፋ አድርጋ በፕላስተር ያዘችላት እንጂ አልበጠሰችውም።

ትልቁ ክርክር የነበረው በጾሙ ነው። አክስቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አልቀምስም ስትል ሲስተር አልተከራከረቻትም፤ የንስሐ አባቷን እንድንጠራ ነገረችን፣ እሳቸውም መጥተው ፈቱላት። ከጎናችን ለተኙት፣ ከአዲስ ዓለም ሰፈር ለመጡት ሙስሊም እናት ደግሞ ወደ ቂብላ እንዲዞሩ አልጋቸውን አዞረችላቸው፤ ገላቸውንም ሴት ነርስ ብቻ እንድታጥባቸው አደረገች። ከማዶ የነበሩትን የስኳር ታማሚ ኢንሱሊን ከመውጋቷ በፊት እህል መቅመሳቸውን ሁልጊዜ ታጣራ ነበር፤ ኢንሱሊን ተወግቶ የሚጾም ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላልና።

ይህ ሁሉ ግን ተረኛ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። አንድ ሌሊት የገባው ነርስ «ወይ ጸበሉን ወይ መድኃኒቱን ምረጡ» ብሎ ጠርሙሱን አስነሳ፤ ጠዋት አንሶላ ሲቀየር የማታው ኪኒን ትራሱ ሥር ተገኘ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው እያለ፣ እንዲህ ያለ ምርጫ ከጤና ባለሙያ አፍ መስማት ያሳዝናል። ሌላዋ ነርስ ደግሞ በተቃራኒው፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እምነታቸው ከእሷ በተለየ ታማሚ ራስ ላይ እጇን ጭና ጸለየች። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ የታማሚውና የቤተሰቡ መንፈሳዊ እምነት እንዲከበር ያዛል፤ የሚከበረውም የታማሚው እንጂ የነርሷ አይደለም። (የጠያቂዎቹ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ በሞባይል ስብከት ከፍተው ክፍሉን ሁሉ የሚያሰሙትን ዝም የሚያሰኝ ነርስ አላየሁም።)

የችግሩ ምንጭ ካርዱ ላይ ይታያል። «ሃይማኖት» በሚለው ቦታ የተሞላው «ኦርቶዶክስ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ስለ ጾሟ፣ ስለ ጸበሉ፣ የንስሐ አባቷም ስለ መፍታታቸው የተጻፈ የለም፤ በርክክብ ጊዜም አይነገርም። ስለዚህ የቀኗ ሲስተር የደከመችበት ማታ ላይ ከዜሮ ይጀምራል።

ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ግን ውኃ ይጠፋበታል። ለነርሶቹ ብዬ ዘመዴን እንደገና ወደዚያው እወስዳለሁ። እዚያ የሚገባ አስታማሚ ግን ታማሚው ስንት ሰዓት እንደሚቀምስና ምን ያህል ጸበል እንደሚጠጣ በመጀመሪያው ቀን ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ያስደርግ፤ ለማታው ተረኛም ራሱ ደግሞ ይንገረው።