ለኬዝ ኢንተርቪው ያዘጋጀኝን የጎንደሩን ጋሼን አመስግኑልኝ

እንኳን ደስ አለሽ ብላችሁ ለደወላችሁልኝም ለጻፋችሁልኝም ሁሉ ክብረት ይስጥልኝ። አዎ እውነት ነው፣ ማኪንዚ የሚባለው፣ ድርጅቶችን የሚያማክር (ኮንሰልቲንግ) ኩባንያ አዲስ አበባ ቢሮ ተቀጥሬያለሁ። ብዙ ሰው ግን "ማን አስገባሽ" እያለ ሲጠይቀኝ ከረመ፣ ማንም አላስገባኝም፣ ያስተማረኝ ሰው ግን አለ፣ እሱን በአደባባይ ሳላመሰግን ከጎንደር ብወጣ እግዜርም አይወድልኝ።

ማራኪ አካባቢ ነው የሚኖረው። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል፣ ተማሪዎቹ በሙሉ እንደዛ ነው የምንጠራው። ውጭ ሀገር ብዙ ዓመት ኮንሰልቲንግ ሰርቶ እናቱን ለመጦር ተመልሶ የመጣ ሰው ነው፣ ማታ ማታ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነጭ ሰሌዳ ሰቅሎ ልጆችን ለኬዝ ኢንተርቪው ያዘጋጃል።

ኬዝ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ጠያቂው የአንድ ድርጅት ችግር ይሰጣችኋል፣ ትርፉ የቀነሰበት ቢራ ፋብሪካ በሉት፣ እናንተ ያለ ካልኩሌተር እያሰላችሁ፣ የምታስቡትን ጮክ ብላችሁ እየተናገራችሁ ትፈቱታላችሁ። ማኪንዚ ላይ ከጥያቄ ወደ ጥያቄ የሚወስዳችሁ ጠያቂው ነው፣ ቢሲጂና ቤይን የሚባሉት ሌሎቹ አማካሪ ድርጅቶች ጋ ደግሞ በአብዛኛው መንገዱን የምትመሩት እናንተ ናችሁ፣ ስለዚህ ልምምዱም ይለያያል፣ ጋሼ ሁለቱንም ያለማምዳል።

እንዴት እንደሚያስተምር ካላየሁ አላምንም ለምትሉ አንዱን ማታ ልንገራችሁ። "በጥምቀት ሰሞን ጎንደር የሚመጣ እንግዳ ስንት ሊትር የታሸገ ውሃ ይጠጣል?" አለኝ። ወደ ቁጥር ልገባ ስል "ቆይ፣ ቁጥሩ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ የሚጠጣው ማን ነው?" እንግዳውን ለሁለት ከፈልነው፣ ሆቴልና ፔንሲዮን የሚያርፍና ዘመድ ቤት የሚያርፍ፣ ምክንያቱም ዘመድ ቤት ላረፈ ሰው ጠላውም የቧንቧውም ውሃ አለለት፣ የታሸገ የሚገዛው ፋሲለደስ ጥምቀተ ባህር ወርዶ ፀሐይ ሲያቃጥለው ነው። ለልምምድ ያህል 200,000 እንግዳ ይምጣ አልን፣ ግማሹ ዘመድ ቤት ሆኖ በቀን 1 ሊትር፣ ግማሹ ሆቴል ሆኖ 2 ሊትር፣ በ3 ቀን 900,000 ሊትር መጣ። ሌላው አስተማሪ ቢሆን እዚህ ጋ ጎበዝ ብሎ ያልፍ ነበር። ጋሼ ግን "አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ቢጭን ስንት አይሱዙ ነው?" አለኝ። 180። "180 አይሱዙ ውሃ ጭኖ በአዘዞ ሲገባ ይታይሻል? ካልታየሽ የትኛው ግምት ነው የበዛው?" እዛ ላይ ነው የገባኝ፣ 100,000 ሰው የሚያሳድር የሆቴል አልጋ ጎንደር ውስጥ የት አለና! እሱን ቀንሰን፣ ዘመድ ቤቱን ጨምረን እንደገና ሰራነው። በመጨረሻም "አሁን የፋብሪካው ባለቤት ፊትሽ ቁጭ ብሏል፣ ምን ያድርግ ትይዋለሽ?" አለኝ፣ ምክንያቱም የሚቀጥሩት አስልቶ ዝም የሚለውን ሳይሆን ካሰላው ተነስቶ ምክር የሚሰጠውን ነው።

ሒሳቡንም እንደዛው ነው የሚያስለምደን። የ4.2 ሚሊዮን 17 በመቶ ስንት ነው ይላችኋል፣ 10 በመቶው 420,000፣ 5 በመቶው 210,000፣ 2 በመቶው 84,000፣ ድምሩ 714,000፣ ቡና እየጠጣችሁ። ቡናውን የሚያፈሉት እናቱ ናቸው፣ እማማ እግዜር ጤናና እድሜ ይስጥልኝ፣ ሦስተኛውን ሳልጠጣ አስወጥተውኝ አያውቁም።

ከሁሉም በላይ ግን ውለታው የከበደኝ የግል ጥያቄው ላይ ነው። ማኪንዚ ከኬዙ ሌላ ከራሳችሁ ሕይወት አንድ ታሪክ ይዞ ወደ ውስጥ እየቆፈረ ይጠይቃል፣ ምን አሰብሽ፣ ምን አልሽው፣ እሱስ ምን አለሽ። እኛ ደግሞ ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ያደግን ልጆች ስለሆንን ስራውን ሁሉ ለቡድኑ ሰጥተን እኛ ከታሪኩ እንጠፋለን። ጋሼ ባንክ ስሰራ የደንበኛ ሰልፍ እንዴት እንዳሳጠርን እያስደጋገመ አስነገረኝ፣ በየመሀሉ "እሺ፣ ሥራ አስኪያጁን ማን አሳመነው? በምን ቃል?" እያለ፣ እኔ የሰራሁት ከሌላው ተለይቶ እስኪወጣ ድረስ። ሲቪዬንም በዚሁ ዓይን አይቶ ነው አንድ ገጽ ያደረገው፣ "ደንበኛ አስተናግዳለሁ" የሚለውን ሰርዞ ምን ተለወጠ የሚለውን አስጻፈኝ።

በኢንተርኔት የማደርገው ኢንተርቪው ቀን ደግሞ እኛ ሰፈር መብራት ጠፋ። ጋሼ ቤቱ ኢንቨርተር አለው፣ የራሱን ክፍል ለቆልኝ ሳሎን ሆኖ በሩን ጠበቀልኝ። ይሄን በክፍያ የሚያደርግ ሰው የለም።

ስለ ክፍያ ካነሳን፣ ስራ ካለህ ተመጣጣኝ ያስከፍላል፣ ስራ ከሌለህ ስትቀጠር ትከፍላለህ ይላል፣ የምሩን ነው። የማይሰራውንም ልንገራችሁ፣ ሶልቭ የሚባለውን የማኪንዚን የኮምፒውተር ጌም ፈተና አያስተምርም፣ ሲቪ ብቻ አሳምርልኝ የሚለውንም አይቀበልም፣ አስገባሃለሁ ብሎም ቃል አይገባም። ማመልከቻው በድርጅቱ ድረገጽ ነው፣ ለማመልከትም ብር አይከፈልም፣ ውስጥ ሰው አለኝ ብር አምጣ የሚላችሁ ካለ እባካችሁ አትስጡ።

ለአካውንቲንግና ለኢኮኖሚክስ ልጆች ብቻ አይደለም፣ አብረውኝ ከሚማሩት ውስጥ ኢንጂነርም ፋርማሲስትም ነበረ። ፍላጎቱ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። በአንድ ጊዜ ከጥቂት ልጅ በላይ ስለማይዝ ለምን ኮንሰልቲንግ እንደፈለጋችሁ በሁለት በሦስት መስመር ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።