ለሀንግዡዋ ሻይ ሻጭ ምስጋና፣ ጥሩ አረንጓዴ ሻይ ለምትፈልጉ ጥቆማ

ቤቴ መጥታችሁ ከቀመሳችሁ በኋላ «ይሄን ሻይ ከየት ነው የምታስመጣው?» ላላችሁኝ ሁሉ መልሱ ይኸው። ሻጯ ቻይና፣ ሀንግዡ ከተማ ከባለቤቷ ጋር ትንሽ የኦንላይን ሱቅ ያላት ሴት ናት። አማርኛ ባታነብም ምስጋናዬን በአደባባይ ላደርስ ወደድኩ፤ እንዲህ ያለ ነጋዴ በየቀኑ አይገኝማ።

መጀመሪያ የጠየቅኋት ሎንግጂንግ የሚባለውን፣ ስሙ የገነነውን ጠፍጣፋ ቅጠል ነበር። ከዚያ በፊት ከአንድ ትልቅ የገበያ ድረ ገጽ በርካሽ ያዘዝኩት አረንጓዴነቱ ዓይን ይወጋል፣ ጣዕሙ ግን ገለባ ነው። የእሽጉን ፎቶ ላክሁላት። «የተለቀመበት ዓመት የለውም፣ መንደሩ አልተጻፈም፣ ዝርያው አልተጠቀሰም፤ ታዲያ ምን ብዬ ልንገርህ?» አለችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። እዚያው ሀንግዡ ባለው ሐይቅ ስም፣ የሺሁ ሐይቅ ሎንግጂንግ ተብሎ በሕግ የሚጠበቀው ክልል 168 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር የሚመረተውም ሎንግጂንግ ይባላል፤ ሐሰተኛ አይደለም፣ ጥሩም አለው። ችግሩ የሚመጣው ያንን በሺሁ ስም፣ በሺሁ ዋጋ ሲሸጡት ነው፤ እኛ አገር ከየትም የመጣው ቡና ሁሉ ይርጋጨፌ እንደሚባለው።

እኔ «ውዱን ስጪኝ» ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ውዱ ሚንግቺየን ነው፤ ኤፕሪል 4 ወይም 5 ላይ ከሚውለው የቺንግሚንግ በዓል በፊት የተለቀመ ለጋ እምቡጥ። እሷ ግን ገንዘቤን ከመቀበሏ በፊት በምን እንደምጠጣ ጠየቀችኝ። ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ቦታ፣ በትልቅ ኩባያ ስላት፣ «እንግዲያውስ ዩቺየን ይበቃሃል» አለች። ይሄኛው ከበዓሉ በኋላ እስከ ኤፕሪል 20 ገደማ የሚለቀም ነው፤ ጣዕሙ ጠንከር ይላል፣ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። እሱንም 50 ግራም ብቻ እንድሞክር መከረችኝ። የበለጠ መሸጥ ስትችል!

የመጣው እሽግ ላይ የተለቀመበት ቀን፣ መንደሩና ዝርያው ሁሉም ተጽፏል። ሎንግጂንግ 43 የሚባለው ዝርያ ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ ገበያ የሚገባው ቀድሞ ነው፤ እሷ ራሷ ግን ዘግይቶ የሚደርሰውን የድሮውን ዝርያ ትመርጣለች፣ ይህንንም አትደብቅም። በማሽን የታመሰውን «በማሽን ነው» ብላ ትሸጣለች። በእጅ የሚታመሰውን ቪዲዮ ልካልኝ ነበር፤ ሰውዬው በጋለ የብረት ምጣድ ላይ ቅጠሉን በባዶ መዳፉ እየተጫነ ያገላብጠዋል። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት አራት ኪሎ ያህል እርጥብ ቅጠል ይፈልጋል። ይህን ያየ ሰው በአምስት ዩሮ «አንደኛ ደረጃ ሎንግጂንግ» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ ገጹን ዘግቶ ይሄዳል።

አረንጓዴ ሻይ ይመራል የምትሉ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፈላ ውሃ ነው። ወደ 80 ዲግሪ እስኪወርድ ጠብቁት፤ 3 ግራም ቅጠል ለአንድ ብርጭቆ ይበቃል፣ ያንኑ ቅጠል ሁለት ሦስቴ ውሃ ትደግሙበታላችሁ። ስኳርና ቅርንፉድ ለቀይ ሻይ ይቆዩ። ለቦርጭ ማጥፊያ ብላችሁ የምትፈልጉት ከሆነም ይህን ያህል ገንዘብ አታውጡ፣ ተራው ይበቃችኋል።

እንከን የላትም አልልም። መልስ ለመስጠት ትዘገያለች፣ በተለይ በመከር ሰሞን። ዕቃውም ጀርመን እስኪደርስ ትዕግሥት ይጠይቃል። የፀደዩ ምርት ካለቀ ደግሞ አለቀ ነው፣ ያምናውን አዲስ ብላ አትሰጥም። የዕቃውን ዋጋ አሳንሳ አትጽፍም፤ ከጁላይ 2021 ወዲህ አውሮፓ ኅብረት ለሚገባ ትንሽ ጥቅልም ታክስ እንደሚከፈልበት አስቀድማ ነግራኛለች፣ እንደነገረችኝም ሆነ።

የሱቋን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ስታዟት በምን ዕቃና በቀን ስንት ጊዜ እንደምትጠጡ ንገሯት፤ ከዋጋ በፊት የምትጠይቀው እሱን ነው።