ለእናቴ ጉልበት የሄድንበት የሐዋሳ ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ሐዋሳ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ለስድስት ሳምንታት አመላልሻታለሁ። አረጋዊ ወላጅ ላላችሁ ሁሉ በተለይ ልነግራችሁ የምፈልገው የመጀመሪያውን ቀን ምርመራ ነው።

እኔ በየዕለቱ «አመመሽ ወይ?» ብዬ እጠይቃት ነበር፤ መልሷም ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር። ባለሙያዋ ግን ሕመሙን ከማንሳቷ በፊት «እማማ፣ ድሮ ያደርጉት የነበረ፣ አሁን የተዉት ምን አለ?» ስትል ጠየቀቻት። እናቴ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ስግደት ማቆሟን፣ ቡና ለማፍላት በርጩማ ላይ መቀመጥ መተዋንና ሌሊት በተገላበጠች ቁጥር እንደምትነቃ ተናገረች። ባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ሲነጥር ብረቱን ጨብጣ ዐይኗን ስትጨፍን ስንት ጊዜ አይቻለሁ! እርጅና ነው ብዬ ማለፌ እስካሁን ይጸጽተኛል። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ እንደሚባልና ዕድሜ ስለገፋ ብቻ ዝም ተብሎ መታለፍ እንደሌለበት የተረዳሁት በዚያ ቀን ነው።

ቀጥላ ቁርጥማት፣ ውጋት ወይስ ማቃጠል እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ማቃጠልና መደንዘዝ ካለ መነሻው ነርቭ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናውም ይለያል። ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ እናቴ ለጉልበቷ 7 ሰጠች።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘን እንድንመጣ አስቀድመው ስላሳሰቡን ነው። ለደም ግፊት ከምትወስዳቸው ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር እኔ ራሴ ከፋርማሲ እየገዛሁ የማመጣላት ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ነበር። ሦስቱ ተደርበው ኩላሊትን ሊጎዱ እንደሚችሉ፣ ዳይክሎፌናክ ደግሞ ለብቻውም ጨጓራን ሊያደማና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል አስረድታ በዚያው ቀን ወደ ሐኪሟ ላከችን። ሐኪሙም ዳይክሎፌናኩን አስቁሞ ፓራሲታሞል በልክ ጻፈላት፤ የኩላሊት ምርመራም አዘዘላት።

እንቅስቃሴው ቀላል ነው፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ 5 ሰከንድ መያዝና 10 ጊዜ መደጋገም። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ይደገፋል። ከዘራዋንም ከሚያማት ቀኝ ጉልበት በተቃራኒ፣ በግራ እጇ እንድትይዝ አስተካከሉላት።

ቅሬታዬ ክሊኒኩ ፎቅ ላይ መሆኑ ነው፤ ጉልበቱን የሚያመውን ሰው ደረጃ ማስወጣት ተገቢ እንዳልሆነ ለኃላፊዎቹም ነግሬያቸዋለሁ። የተጠባባቂዎች አግዳሚ ወንበርም ዝቅ ያለና መደገፊያ የሌለው በመሆኑ ከእሱ መነሣት ራሱን የቻለ ሥቃይ ነው። ሁለት ጊዜም ከቀጠሯችን አንድ ሰዓት ዘግይተው ተቀብለውናል።

ዛሬ እናቴ ለሕመሟ የምትሰጠው ቁጥር 4 ነው። ቡናውን ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታፈላለች፤ ገብርኤልም ከባጃጅ ወርዳ በከዘራዋ እየተደገፈች ትገባለች። ስግደቱን ግን ገና አልጀመረችም።