ስንኝ የማይሰብሩ ጸሐፊ ስድስት ኪሎ አሉ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው በእጅ የተጻፈውን በኮምፒውተር የሚተይቡ አንዲት ባለሙያ ለማመስገን ነው። በዚያውም ጥንቃቄ የሚፈልግ ጽሑፍ በእጃችሁ ያለ ሰዎች እንድታውቋቸው ብዬ ነው።

ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። የአማርኛ መምህሯ አንድ ሥራ ሰጧቸው። የምትወዷቸውን 20 ግጥሞች ምረጡ፣ ከራሳችሁ 5 ጨምሩ፣ ከየግጥሙ ሥር ለምን እንደመረጣችሁት ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ፣ መግቢያና ማውጫ አብጁለትና በመጽሐፍ መልክ አስጠርዛችሁ አምጡ። የራስን የግጥም መድበል ማዘጋጀት ነው ነገሩ። እኔ ሹፌር ነኝ፤ ከታክሲ ላይ ጥቅስ ያለፈ ግጥም አላውቅም። እሷ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ቤተ መጻሕፍት እየሄደች ገለበጠች፣ አያቷን «እስቲ ድገሚልኝ» እያለች አደከመች፣ በመጨረሻ አንድ ደብተር ሞላች።

ደብተሩን ቤታችን አጠገብ ወዳለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ወሰድነው። በሁለት ቀን አለቀ። ልጄ ገለጥ ገለጥ አደረገችና ሦስተኛው ገጽ ላይ ፊቷ ተለወጠ። የራሷ ግጥም እንዲህ ነው የሚጀምረው፦

አያቴ የፈተለችው በኔ ዘመን ጋቢ ሆነኝ

ጸሐፊው ፊደሉን አተልቆት መስመሩ አልበቃውም። «አያቴ የፈተለችው በኔ ዘመን ጋቢ» ይልና «ሆነኝ» ለብቻዋ ታች ወርዳ ተቀምጣለች። ረጃጅም ስንኝ ያለው ግጥም ሁሉ እንደዚያው ነው። ይባስ ብሎ በፍላሽ የሰጠን ፋይል ቤት ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ መጣ። እኔ ደግሞ «ይነበባል እኮ፣ ምን አለበት?» አልኳት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተሳፋሪዬ ነው ስድስት ኪሎ ያሉትን እናት የጠቆመኝ። ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ በተደረደሩበት ጀርባ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያለባት ጠባብ ክፍል ናት። ሴትየዋ ሃምሳዎቹ ውስጥ ናቸው። ሥራ የጀመሩት በታይፕ መኪና ዘመን እንደሆነ ነገሩን። ደብተሩን ተቀብለው ወዲያው መጻፍ አልጀመሩም። መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። በጣታቸውም ቀለሙን፣ ማለትም የቃሉን ድምፅ ቁርጥራጭ («አ-ያ-ቴ» ሦስት ነው)፣ እየቆጠሩ ነበር።

«ይሄ ባለ 16 ቀለም ነው የኔ ቆንጆ፤ 8 በ8። በገጣሚው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የጸጋዬ ቤት ይባላል። ወረቀቱ ካልበቃው እዚህ ወገቡ ላይ ነው የሚታጠፈው» አሉና ከ«ፈተለችው» በኋላ በእርሳስ ጭረት አደረጉ። ሁለተኛው ሐረግ ታች ወርዶ ትንሽ ገባ ብሎ ይጀምራል። ባለ 12 ቀለሙ፣ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ደግሞ ፊደሉ ትንሽ ካነሰ በአንድ መስመር ይገባል። ልጄ ይሄን ትምህርት ቤት ተምራዋለች፤ ከጸሐፊ አፍ ስትሰማው ግን ዓይኗ በራ።

ስለ ፋይሉም ጠየቅኳቸው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች ፊደሉን በየራሳቸው መንገድ ነው የሚያስቀምጡት፤ ያ ፕሮግራም የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ይበላሻል። እሳቸው በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል አቀማመጥ፣ ስለሚጽፉ ስልክ ላይም ይከፈታል። እኔም ከፍቼ አይቻለሁ።

ከሁሉ የወደድኩት ጥያቄያቸውን ነው። አንዱ ግጥም ላይ «ጸሐይ»፣ ሌላው ላይ «ፀሐይ» የሚል አጋጠማቸው። ማረም አልፈለጉም፤ «መጽሐፉ ላይ እንዴት ነው ያለው?» ብለው ልጄን መልሰው ላኳት። የሌላ ሰው ግጥም እንደታተመ ነው የሚገለበጠው አሉ። አያቷ ከነገሯት የለቅሶ ግጥም ሥር ልጄ «ገጣሚው ያልታወቀ» ብላ ነበር። «ማን እንደነገረሽ ታውቂ የለ? የአያትሽን ስምና የሰማሽበትን ቦታ ጻፊ» አሏት። እንግዲህ የእናቴ ስም በኅትመት ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። እናቴ ማንበብ አትችልም። ገጹን ግን አስጠቁማ ጥጉን አጥፋበታለች፤ እንግዳ ሲመጣ አውጥታ ታስነብባለች።

አንድ ነገር ላይ እምቢ ብለውኛል። እኔ በደስታ «50 ኮፒ ይውጣና ለዘመድ እንሽጠው» ብዬ ነበር። «የሰው ግጥም አለበት እኮ ልጄ፤ ለትምህርት ሌላ፣ ለገበያ ሌላ» አሉኝ። በኋላ ሳጣራ የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ደራሲው በሕይወት እያለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ሥራውን ይጠብቃል። ሦስት ኮፒ ይበቃል ተባባልን።

አጠራረዙም እዚያው ጎረቤታቸው ነው። 48 ገጽ ስለሆነ 12 ኤፎር ወረቀት ፊትና ጀርባ ታትሞ፣ መሀሉ ታጥፎ፣ በክር ተሰፋ። ሁለት ገጽ የሚይዝ ግጥም ሁሉ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት እንዲሆን ቅደም ተከተሉን አስተካክለውታል። ሲያነቡ ገጽ መግለጥ የለም።

ዋጋው? ጽሕፈትና የገጽ አቀማመጥ 1,200 ብር፣ የሦስቱ ኮፒ ሕትመትና ጥራዝ 900 ብር ከፈልኩ። የመጀመሪያው ቤት ይረክስ ነበር፤ ግን ሁለቴ መክፈሌን አትርሱ።

ጉድለትም አላጣሁባቸውም። ስልክ አያነሱም። ካሉት ቀን አንድ ቀን አሳልፈዋል፤ መብራት ጠፍቶ ነው ቢሉም ቀድመው መደወል ይችሉ ነበር። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ወረፋ ስለሚሆን አይሞከርም።

ስማቸውንና ስልካቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ከዚያ በፊት ቡናቸውን ሳይጠጡ ደብተር አይቀበሉም።