ጁኖን ለማየት በሽርሽር መርከብ ወይስ በአውሮፕላን? ከሲያትል ለሚነሱ ተጓዦች የቀረበ ንጽጽር

የአላስካ ዋና ከተማ ጁኖ ከፊቷ ባሕር፣ ከኋላዋ ቀጥ ያሉ ተራሮችና ሰፊ የበረዶ ሜዳ ስለከበቧት ከሌሎች ከተሞች ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም። ስለዚህ ከሲያትል የሚነሳ ሰው ያለው ምርጫ የሽርሽር መርከብ፣ አውሮፕላን ወይም ፌሪ ነው።

ከዋጋው አስቀድሞ መታየት ያለበት የጉዞ ሰነድ ነው። በውጭ አገር ባንዲራ የሚጓዙት ትልልቅ መርከቦች ከሲያትል ተነሥተው ወደዚያው ሲመለሱ፣ የአሜሪካ ሕግ በመንገዳቸው የውጭ ወደብ እንዲነኩ ስለሚያስገድዳቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ በካናዳዋ ቪክቶሪያ ይቆማሉ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ የግሪን ካርድ ባለቤት የካናዳ ቪዛ ባያስፈልገውም ፓስፖርቱ የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈበት መሆን አለበት፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ግን ትኬት ከመቁረጡ በፊት ጠበቃውን ያማክር። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጀው ቀጥታ በረራ በአንጻሩ የአገር ውስጥ በረራ ነው።

መርከቡ መኝታንና ምግብን በአንድ ክፍያ ስለሚያጠቃልል፣ አረጋውያን ወላጆችን ወይም ሕፃናትን ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ይመቻል፤ ሌሎች የወደብ ከተሞችንም ያሳያል። ጉድለቱ በጁኖ የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ መሆኑ ነው። በዚያች ዕለት ዝናብ ከጣለ (ጁኖ ደግሞ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት) የሮበርትስን ተራራ በኬብል መኪና የወጣ ሰው ከጉም በቀር የሚያየው ላይኖር ይችላል። ከተማዋ ከ2024 ጀምሮ በቀን ከ5 በላይ ትልልቅ መርከቦች እንዳይገቡ ብትወስንም ቀን ቀን ግፊያው አልቀረም።

ዋናው ዓላማ እንስሳትንና ተራራውን ማየት ከሆነ፣ በእኔ ግምት፣ የበጋው የሆቴል ዋጋ ውድ ቢሆንም በአውሮፕላን ሄዶ ሦስት ሌሊት ማደር ይሻላል። ጁላይ ላይ ብርሃኑ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ስለሚዘልቅ፣ የመርከብ መንገደኞች ከተመለሱ በኋላ በሜንደንሆል የበረዶ ግግር አጠገብ ያለውን የስቲፕ ክሪክ የእንጨት መተላለፊያ ተረጋግቶ መጎብኘት ይቻላል፤ ቀይ ሳልመን ዓሦች በጅረቱ ሽቅብ ሲዋኙ፣ ዕድል ከቀናም ጥቁር ድብ ከመተላለፊያው ሥር ዓሣ ሲይዝ ይታያል። የከተማው አውቶቡስ እዚያ ድረስ ስለማይገባ ቀሪውን ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር መሄድ ግድ ነው። ዓሣ ነባሪ ለማየት የሚወጡት ጀልባዎች የሚነሡት እዚያው ጁኖ ካለው የኦክ ቤይ ወደብ ነው፤ ባሕሩ ከከፋ ለነገ ማለት የሚችለው እዚያው ያደረ ሰው ነው።

ከሲያትል በስተሰሜን ካለችው ከቤሊንግሃም ከተማ የሚነሳው ፌሪ ከሁለት ቀን በላይ ስለሚፈጅ ጊዜ ለተረፈው ካልሆነ አይመከርም።

አውሮፕላኑን የመረጠ ሰው ዝቅተኛ ደመና አንዳንድ ጊዜ ማረፍ እንደሚከለክል አውቆ፣ ከመመለሻው ማግስት ሥራ እንዳይኖርበት አንድ ቀን ትርፍ ይያዝ።