ቱሉ ዲምቱ ያሉት የቮልስ መካኒክ፦ ካርቡሬተር ላስተካክል ሄጄ ሙሉ ቀን ዋልኩ

ጋራዡ ታፔላ የለውም። ቱሉ ዲምቱ አደባባይን አልፈህ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ኮረኮንች ላይ ቆርቆሮ አጥር አለ፣ በሩ ጋር የተገለበጠ የቮልስ ኮፈን አፈር ተሞልቶ አበባ ተተክሎበታል፣ እሱን ካየህ ደርሰሃል።

የአባቴ የነበረች የ1971 ሞዴል (በፈረንጅ) 1300 ቮልስ አለችኝ። የድሮው ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) የስሮትሉ፣ ማለትም ነዳጅ ሲረገጥ የሚከፈተው በር፣ ዘንግ ተበልቶ አየር ይስብ ስለነበር ከውጭ የመጣ ዘመድ ሶሌክስ 31 ፒክት 3 የሚባል አዲስ ካርቡሬተር ይዞልኝ መጣ፣ መሀል ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ ገጠመልኝ (ስሙን ተዉት)፣ ከዛ ወዲህ ሰላም የለም። ጠዋት ትነሳለች ግን መብራት ላይ ስቆም ድፍት ትላለች፣ ጥቁር ጭስ፣ ቤንዚኑንማ እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። መልሼ ስወስዳት ልጁ ካቻቢቴ አንስቶ የነዳጅ ገመዱ የሚስበው እጅ ላይ ያለችውን ብሎን ጠመዘዘና ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ሰቀለው፣ እንደ ትራክተር እየጮኸች ወጣን። ሶስተኛ ጊዜ ስሄድ "ሞተሩ አልቋል ይውረድ" ተባልኩ። ሞተሩ ከታደሰ ሁለት አመት እንኳን አልሞላውም እኮ!

የቱሉ ዲምቱውን ሰውዬ የጠቆመኝ አንድ የላዳ ሹፌር ነው። "ሞተሩ ካልቀዘቀዘ አይነኩልህም" ስላለኝ ማታውኑ ወስጄ አሳደርኳት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ስደርስ ጋሼ ቡና ላይ ናቸው። "ተቀመጥ" አሉኝ፣ እስከ ሶስት ተኩል ቡና ነው። ቸኩሎ የሄደ ሰው እዚህ ጋር ነው ደሙ የሚፈላው።

ከዛ ደግሞ ካርቡሬተሩን ዞር ብለው እንኳን አላዩትም። መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተት፣ በቀዝቃዛው 0.15 ሚሊ፣ ለዛ ነው ለካ አሳድራት የተባልኩት። ቀጥሎ ፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ከፈት ዘጋ እያለ እሳቱን የሚያስነሳው) ክፍተቱ 0.4 ሚሊ፣ ቀጥሎ ታይሚንግ፣ ማለትም እሳቱ የሚነሳበት ቅጽበት። ታይሚንጉን በምን እንደሚያዩት ታውቃላችሁ? ሁለት ሽቦ በተበየደላት የፍሬቻ አምፖል። አንዱን ሽቦ ዲስትሪቢዩተሩ ጋር አንዱን ቦዲ ላይ ነክሰው ፑሌጃውን በእጃቸው ቀስ እያሉ ያዞራሉ፣ ፑንቲናው ሲከፈት አምፖሏ ትበራለች፣ ምልክቱ ላይ በራች ማለት ልክ ነው። "ካርቡሬተር መጨረሻ ነው ልጄ፣ ሌላው ሳይስተካከል እሱን ከነካካኸው በሽታው ሁለት ይሆንብሃል።"

አምስት ሰዓት አካባቢ "በል ቁልፍ ክፈት፣ እንዳታስነሳ" አሉኝና ጆሯቸውን ወደ ካርቡሬተሩ አስጠጉ። ዝም። "ቀጭ የሚል ነገር ሰማህ?" አልሰማሁም። እጃቸውን ከስር ሰደው አንድ ሽቦ ጎትተው አወጡ፣ ጫፉ የትም አልተሰካም! ይሄ ካርቡሬተር ሚኒሞ ላይ የሚሄደውን ቤንዚን የምትከፍት በ12 ቮልት የምትሰራ ትንሽ ቫልቭ አለችው፣ ቾኩም (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ አየሩን የሚያጠበው በር) እንደዛው በኤሌክትሪክ ሞቆ ነው የሚከፈተው፣ ለሁለቱም የሚሄደው ሽቦ ከኮይሉ (ለካንዴላው እሳት ከሚሰጠው) ፖዘቲቭ መነሳት ነበረበት። እና እኔ ሁለት ወር ሙሉ ቾኩ ሳይከፈት፣ ሚኒሞ ቤንዚኑ ተዘግቶ ነበር የምነዳው። ሰኩት፣ ቀጭ አለች። የምስቅ ነው የማለቅስ ግራ ገባኝ።

ስሩ ያለው ጋስኬትም አየር ያስገባ ነበር፣ ወረቀቱን ጠርዙ ላይ አስደግፈው በትንሿ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን መታ መታ ሲያደርጉት ቅርፁን ይዞ ወጣ፣ መቀስ የለም ምን የለም።

ጭሱ ቀነሰ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ትንሽ አስነድተውኝ ካንዴላ ሲያወጡ ጥላሸት ነው። ከካርቡሬተሩ ጋር የመጣው ዋና ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብሎን) 130 ይላል፣ ቀዳዳው 1.30 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው፣ ያ ለባህር ወለል ይሆናል፣ እኛ አዲስ አበባ ያለነው ግን 2300 ሜትር ምናምን ላይ ነን፣ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛባታል። የኒዶ ቆርቆሮ አምጥተው ጋዜጣ ላይ ዘረገፉት፣ ሙሉ የጄት መአት! 120 ሲሞክሩ ነዳጅ ስሰጥ ተንገጫገጨች። ከዛ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቁኝ፣ "አዳማ ትወርዳለህ?" የባለቤቴ ቤተሰቦች እዛ ናቸው፣ በየበዓሉ እንወርዳለን። "እንግዲያው 125 ነው የሚሻልህ፣ ታች ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ እዚህ ብቻ ብለን ካሳነስነው እዛ ቤንዚን ያጥራትና ሞተሩ ይግላል።" 125 ገባ፣ ካንዴላው ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ ልክ ነው ማለት ነው። በህይወቴ የት የት እንደምነዳ የጠየቀኝ መካኒክ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ብሎኖቹን በመጨረሻ ነው የነኩት። ያ ልጅ የጠመዘዛትን መልሰው ቦታዋ አስገቡ፣ ሚኒሞ በእሷ አይስተካከልም፣ ካርቡሬተሩ ጎን ላይ ባለችው ትልቋ ብሎን ነው። አጠገቧ ያለችውን የቤንዚን መጠን የምታስተካክለውን ትንሿን ብሎን እስክትቀመጥ በቀስታ ዘግተው ሁለት ተኩል ዙር ከፈቱ፣ ከዛ ሞተሩ ይበልጥ የሚፈጥንበትን ቦታ ፈልገው ትንሽ ዝቅ እስኪል መለሷት፣ በትልቋ በደቂቃ 850 ዙር አካባቢ ላይ አቆሙት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

የእጅ 3500 ብር ከፈልኩ፣ ካሽ ብቻ፣ ደረሰኝ የሚባል የለም። ሰዓትም አይያዝላችሁም፣ መሀል ላይ ሰው ከመጣ ስራውን ትተው ጨዋታ ይጀምራሉ። መንገዱ ክረምት ላይ የሚታለፍ አይመስለኝም። ግን ስመለስ ሳሪስ መብራት ላይ ሶስት ዙር ቆሜ ድምጿ ሳይለወጥ ጠበቀችኝ፣ ኤሌክትሪክ መኪና የገዛው ጎረቤቴም ግቢ ስገባ "ዛሬ ጭሱስ?" አለኝ።

እና በቀዝቃዛ ሞተር ሂዱ ስል የምሬን ነው፣ እኔን አይቶ የሄደ ጓደኛዬ በሞቀ ሞተር ደርሶ ቡና ጠጥቶ ብቻ ተመልሷል።