ካርቡራተር ወይስ ኢንጀክሽን? ከአዲስ አበባ ዳር ለሚኖር አሮጌ መኪና ገዢ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ክፉኛ አስወደደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ ወይም ከገላን እየተነሳ መሀል ከተማ የሚሠራ፣ አቅሙም ውስን የሆነ ሰው ምርጫው ጠቧል። በአቅሙ የሚያገኘው በአብዛኛው ከሁለት አንዱን ነው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ፣ አየርና ቤንዚን በቀዳዳ ልክ የሚቀላቅል ካርቡራተር ያለው ኮሮላ ነው፤ ዲኤክስ የምንለው። ሌላው በ1990ዎቹ የወጣው፣ ቤንዚኑን ኮምፒውተር እየለካ የሚረጭለት ኢንጀክሽን ኮሮላ ነው።

ደላላ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጎማውና ስለ ወንበሩ ያወራል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ሚኒሞውን ነው። እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ሞተሩ ረግቶ ይሠራል? ይንቀጠቀጣል? ከፍ ዝቅ ይላል? ወይስ ይጠፋል? አሮጌ መኪና ላይ የሰው ኪስ የሚያራቁተው ይህ ችግር ነው። መንስኤው ብዙ ነው፤ መንስኤውን ሳይለዩ ዕቃ መቀየር ደግሞ በየጋራዡ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሁለቱን መኪኖች የማወዳድረው ሲበላሹ ችግራቸው በምን ያህል ልፋትና ወጪ ይታወቃል በሚለው ነው።

ከከፍታው እንጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ካርቡራተር ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለቆላ የተለካው የቤንዚን ቀዳዳ እዚህ ለሳሳው አየር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይለቃል። እሳት ሰጪው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ጭስ ማውጫው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ሚኒሞው ይንገጫገጫል። ጎበዝ መካኒክ እዚሁ ከፍታ ላይ ካስተካከለው በደንብ ይሠራል። ግን ያው መኪና አዳማ ሲወርድ አየሩ ይጨምራል፤ ማስተካከያውም እንደገና ይዛባል። ኢንጀክሽኑ ግን የአየሩን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ስላለው ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል፣ ይጨምራል። በየቀኑ እንጦጦን የሚወጣና የሚወርድ ሰው ይህንን ልዩነት በነዳጅ ወጪው ላይ ያየዋል።

ዳገት ላይ ሌላም ችግር አለ። ግፊቱ ዝቅ ሲል ቤንዚን ቶሎ ይፈላል። የካርቡራተር መኪና የቤንዚን ፓምፕ ሞተሩ ላይ የተገጠመ ነው፤ ይግላል፤ ቱቦው ውስጥ በእንፋሎት ይሞላል። ሹፌሮች እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ሲጠቀልሉ ያያችሁት ለዚህ ነው። የኢንጀክሽኑ ፓምፕ ታንከር ውስጥ ተቀምጦ ወደ 3 ባር በሚጠጋ ግፊት ስለሚልክ እንዲህ ያለው ችግር እምብዛም አይገጥመውም።

እስካሁን ኢንጀክሽኑ በግልጽ ይበልጣል። ምርመራው ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

የካርቡራተር መኪና ምንም አይደብቅም። ቤንዚኑ በምታዩት ትንሽ ፊልትሮ ውስጥ ያልፋል። ውኃ ወይም ቆሻሻ ከገባ በዓይን ይታያል። ካርቡራተሩ ተፈቶ፣ ታጥቦ፣ ጎሚኒው ተቀይሮ በአንድ ቀን ሊመለስ ይችላል። ሰበታ ውስጥ በአንድ ቁልፍ ሳጥን የሚሠራ መካኒክም ይበቃዋል። ጉዳቱ ይህ ሥራ በየጊዜው የሚመላለስ መሆኑ ነው። በተለይ ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን የሚቀዳ ሰው በተደጋጋሚ ያሳጥበዋል፤ እዚያ ውስጥ ውኃም ነጭ ጋዝም ሊኖር ይችላልና። የዲኤክስ ባለቤት መሆን መካኒክን የቤተሰብ አባል እንደማድረግ ነው።

ኢንጀክሽን በተቃራኒው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ይሠራል። ሲታመም ግን አብዛኛው ሰው በግምት ይጀምራል። «ፓምፑ ነው» ይባላል፤ ይቀየራል። «ኢንጀክተሩ ነው» ይባላል፤ ይታጠባል። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወጥቶ ሌላ ሴንሰር ይገዛል። ችግሩ ግን የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሆኖ ይገኛል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም መኪናው ራሱ ችግሩን የሚናገርበት መንገድ አለው። በ1990ዎቹ ቶዮታ ላይ ኮፈኑ ሲከፈት ክዳን ያላት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለች። የሚያውቅ ሰው በውስጧ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ሲከፍት ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቼክ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ቁጥር ይቆጥራል። 22 የውኃ ሙቀት ሴንሰር ነው። 31 የአየር መለኪያው ነው። 41 ከነዳጅ መስጫው ጋር የሚሠራው ሴንሰር ነው። ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ካለ የተመዘገበ ጥፋት የለም። ሌላ ቀዳዳ ከተነካ ግን ፊውዝ ወይም ኮምፒውተሩ ሊቃጠል ስለሚችል ለማያውቅ ሰው አትስጡት። ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ያለው ከሆነ ደግሞ በምርመራ ማሽን ማስነበብ ይቻላል።

ማሽን ከመድረሱ በፊት ግን በሁለቱም ላይ የማይለወጥ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ እሳት፣ ቀጥሎ አየር፣ ከዚያ ቤንዚን። ካንዴላዎቹ ይውጡ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ጥሩ ነው። ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ከረጠበ አልተቀጣጠለም። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል ወይም አየር ያላግባብ ይገባል። ቀጥሎ የአየር ቱቦዎቹና መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጉርኒሲዮን ላይ የሳሙና ውኃ ይረጭ፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። ቤንዚን የሚረጩ መካኒኮች አሉ፤ የጋለ ሞተር ላይ ይህ እሳት መጋበዝ ስለሆነ አትፍቀዱ። ኢንጀክሽን ላይ አየር የሚያስገባው በርና የሚኒሞ መቆጣጠሪያው በአቧራና በዘይት መያዛቸው በጣም የተለመደ ነው። የኮረት መንገድ ባለበት ሰፈር ደግሞ የአየር ፊልትሮ ፈጥኖ ይደፈናል። ስንት ሚኒሞ በማጽዳት ብቻ ይስተካከላል መሰላችሁ!

ኢንጀክሽን ስትገዙ ከመኪናው ይልቅ የቀድሞ ጥገናውን ፍሩ። ሦስት ነገር አጥብቃችሁ እዩ። አንደኛው ቴርሞስታት ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚያግደው። «ሞተር እንዳያግል» ተብሎ አውልቆ መጣል በአገራችን ልማድ ሆኗል። ኢንጀክሽን መኪና ላይ ግን ሞተሩ በቅጡ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ያበዛል፤ ሚኒሞውም ከፍ እንዳለ ይቀራል። በሱሉልታ ብርድ ይህ ብክነት ይብሳል። ጥሩ ከነዳችሁ በኋላም የሙቀት መለኪያው ታች ከቀረ ጠርጥሩ። ሁለተኛው የቤንዚን ፊልትሮው ነው። የኢንጀክሽን ፊልትሮ ብረት ነው፤ ከፍተኛ ግፊት ይችላል። በቦታው የካርቡራተሩን የፕላስቲክ ፊልትሮ ወይም ተራ ቱቦ የገጠመ ካለ፣ ሊፈነዳና መኪናውን ሊያቃጥል ይችላል። ሦስተኛው የቼክ መብራት ነው። ቁልፍ ሲከፈት ሊበራ ይገባል፤ ሞተር ሲነሳ መጥፋት አለበት። ከጅምሩ ካልበራ አምፖሉን የነቀለው ሰው ምክንያት ነበረው ማለት ነው።

ለማየት ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ ሻጩም ሞተሩን እንዳያስነሳ አስቀድማችሁ ንገሩት። ደርሳችሁ ኮፈኑን ዳስሱ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ነገር ይናገራል። ካርቡራተሩ በቾክ (በቀዝቃዛ ማስነሻው) ተነስቶ ሲሞቅ መርጋት አለበት። ኢንጀክሽኑ ያለ ነዳጅ መስጫ መነሳት፣ መጀመሪያ ከፍ ማለት፣ ሲሞቅ ደግሞ በደቂቃ ወደ 700 ወይም 800 ዙር መውረድ አለበት። መብራቱን አብሩ፣ ኤሲ ካለው ክፈቱ፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ መመለስ አለበት። መጥፋት የለበትም።

የኔ ምርጫ ይኸውላችሁ። በየቀኑ ከተማ የምትገቡ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱና የቼክ መብራቱ በቦታቸው ያሉ ኢንጀክሽን ኮሮላ ግዙ። ዋጋው ከፍ ቢልም በነዳጅና በጋራዥ ምልልስ ይመልሳል። ሽቦው የተቆራረጠ፣ ብዙ እጅ የነካካው ኢንጀክሽን ከሆነ ግን በጤናው ያለ ዲኤክስ ይሻላችኋል፤ በተለይ መኪናው ለሳምንት መጨረሻ ወይም ለሰፈር ሥራ ብቻ ከሆነ፣ የምታምኑት መካኒክም በአቅራቢያችሁ ካለ። ቪትዝ የሚያስቡም አሉ። ቤንዚን በመቆጠብ ከሁለቱም ይሻላል፤ ምርመራው ግን ያለ ማሽን ብዙም አያስኬድም፤ ስለዚህ ማሽን ያለው ጋራዥ ሰፈራችሁ ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ኢንጀክሽኑን ከገዛችሁ ደግሞ ታንከሩን ከሩብ በታች አታውርዱ። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ነው። ሰልፍ በበዛበት ሰሞን እስኪደርቅ መንዳት ፓምፑን ያቃጥለዋል።